ስለ አንድ የተራራ መጽሐፍ

ስለ ጨዋታ፥ ስለ ስፖርት፥ እንዲሁም በሜዳና በተራራ ስለሚደረግ መዝናናት የተጻፉትን መጻሕፍት ብዙ ሰው ከቁም ነገር አይቈጥራቸውም። ከፍ ባለ የመንግሥት ሥራ ላይ የሚገኙ አንድ ወዳጃችን ከቤታችን መጥተው ሳለ፥ ከታሪክና ከሃይማኖት መጻሕፍት አጠገብ ስለ ዋና፥ ስለ ሰንጠረዥ፥ ስለ ዓሣ ማጥመድና ስለ ተራራ መውጣት የተጻፉ ጥራዞች ተደርድረው አዩና፥ «እነዚህስ ምን ይሠሩልዎታል?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም፥ «ሥራ ሲያደክመን የምናርፍባቸው ናቸው» ብለን ነገሩን አለፍነው። መልሳችን ግን እውነት አልነበረም። ከእነዚያ ጥራዞች አንዱ፥ ካነበብናቸው መጻሕፍት ሁሉ ይልቅ ዕረፍት የነሣን ነውና።

እንዲህ ባሉት መጻሕፍት ላይ አንባቢዎች የሚሰጡት ፍርድ ከሌላው የተለየ ነው። ልብ ወለድ ያነበበ ሰው «ወደድሁት» ወይም «አልወደድሁትም» ይላል፤ መንጠቆ እንዴት እንደሚታሰር የሚያስተምር መጽሐፍ ያነበበ ሰው ግን ወደ ወንዝ ወርዶ ይፈርድበታል። ዓሣው ከተያዘ መጽሐፉ መልካም ነው፤ ካልተያዘ ደራሲው ቀጣፊ ይባላል። የሰንጠረዥ መጽሐፍም ባለቤቱን ከጎረቤቱ ጋር አጫውቶ ይፈተናል። ስለ ዋና የተጻፈውንማ እኛ ራሳችን ሦስት ጊዜ ያህል አንብበን ከጨረስን በኋላ፥ ዛሬም ከወገባችን በላይ በሚደርስ ውሃ ውስጥ አንገባም፤ ጥፋቱ የደራሲው ነው ለማለት ግን አንደፍርም።

የተራራ መጽሐፍ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ስምንት ሺህ ሜትር ወጥቶ ደራሲው የተናገረውን የሚመረምር አንባቢ ከወዴት ይገኛል? አንባቢው ያለው ምርጫ የተነገረውን ማመን ብቻ ነው። እኛም አመንን። ያመንነው መጽሐፍ «አናፑርና» የሚባለው፥ ሞሪስ ኤርዞግ የተባለው ፈረንሳዊ የደረሰው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ታሪኩን ላላነበቡት እንዲህ ነው። በ1950 ዓ.ም. አንድ የፈረንሳይ ጓድ ወደ ኔፓል ሄደ። እስከዚያ ዘመን ድረስ ከስምንት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካላቸው ከዐሥራ አራቱ የዓለም ተራሮች የአንዱን ራስ እንኳ ሰው ረግጦት አያውቅም ነበር። የያዙት ካርታ የተሳሳተ ስለ ነበረ፥ ተራራውን ከመውጣታቸው በፊት ብዙ ሳምንት ያጠፉት ተራራው ወዴት እንዳለና በየት በኩል እንደሚወጣ በመፈለግ ነው። አናፑርና 8,091 ሜትር ነው፤ ይኸውም ከራስ ዳሽን ጫፍ በላይ ሌላ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ሜትር ያህል ቢጨመር ማለት ነው። ሰኔ 3 ቀን የጓዱ መሪ ኤርዞግና ሉዊ ላሽናል የተባለው የሻሞኒ መንገድ መሪ፥ ያለ ኦክሲጅን፥ እግራቸውን ከውርጭ በማያድን የቆዳ ጫማ ተጫምተው ከጫፉ ደረሱ።

መከራው የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ኤርዞግ ሲወርድ ጓንቶቹ ከእጁ አምልጠው በቁልቁለቱ ተንከባለሉ። በሻንጣው ውስጥ ትርፍ ካልሲ ይዞ ሳለ በጓንት ምትክ እጁን ሊያለብሰው እንኳ አላሰበም፤ አየሩ የሳሳበት ስፍራ አእምሮን እንዲህ ያደርጋልና። ከአምስተኛው ሰፈር ላይ ሊዮኔል ቴሬና ጋስቶን ሬቡፋ ይጠብቋቸው ነበር፤ እነርሱም በማግሥቱ ራሳቸው ወደ ጫፉ ለመውጣት የነበራቸውን ተስፋ ትተው፥ የደነዘዘውን እጅና እግር በገመድ ጫፍ እየገረፉና እያሹ ሌሊቱን ሙሉ ሲታገሉ አደሩ። በሚቀጥለው ቀን ዐውሎ ነፋስ መንገድ አሳታቸውና አራቱም በአንድ የበረዶ ስንጥቅ ውስጥ አደሩ፤ ሲነጋም በላያቸው የተናደው በረዶ ጫማቸውን ቀብሮባቸው ነበር፤ ሁለቱን አዳኞች ደግሞ የበረዶው ነጸብራቅ ዓይናቸውን አሳወራቸው። ከዚያ የወጡት በጓደኞቻቸው እርዳታ፥ ወደ አገራቸው የተመለሱትም በሸርፓዎችና በተሸካሚዎች ጀርባ ላይ ሆነው ነው። ሐኪማቸው ዣክ ኡዶ የሞተውን ጣት በየመንገዱ፥ በባቡር ውስጥ ሳይቀር ይቈርጥ ነበር። ላሽናል የእግሩን ጣቶች ሁሉ፥ ኤርዞግ የእጁንም የእግሩንም ጣቶች አጡ። ኤርዞግ ብዕር መያዝ ስለማይችል መጽሐፉን በፓሪስ አጠገብ በሚገኝ ሆስፒታል ተኝቶ በቃሉ እየተናገረ አስጻፈው፤ በ1951 ታትሞ በብዙ ቋንቋ ተተረጐመ፤ በሚሊዮን የሚቈጠር ቅጂም ተሸጠ።

ወጣት መምህር በነበርንበት ጊዜ ይህን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አገኘነውና በሁለት ሌሊት ጨረስነው። በሦስተኛውም ቀን ወደ ክፍል ይዘነው ገባን። በንባብ ሰዓት እያንዳንዱን ገጽ ወደ አማርኛ እየመለስን ለተማሪዎቻችን ስናነብላቸው ሳምንታት አለፉ። ኤርዞግ በጫፉ ላይ የተሰማውን ደስታ፥ ሥቃዩን እንዴት በትዕግሥት እንደ ተቀበለ፥ ጓደኞቹም ሁሉ እንዴት አንድ ልብ እንደ ነበሩ ስንተርክ የራሳችን ድምፅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚህ የተሻለ የጀግንነትና የወንድማማችነት ትምህርት የሚሰጥ መጽሐፍ አለ ብለን አናምንም ነበር።

መጽሐፉን በጨረስንበት ቀን ከኋላ ወንበር ይቀመጥ የነበረ አንድ ቀጭን ልጅ እጁን አወጣ። «መምህር፥» አለ፥ «ወደ ጫፉ የወጡት ሁለት ሰዎች አይደሉም? ሁለተኛውስ ሰውዬ ምን ይላል?»

ጥያቄው አስቈጣን። ለምን እንዳስቈጣን ያን ጊዜ አልተረዳነውም፤ ዛሬ ግን መልስ ስላልነበረን እንደ ሆነ እናውቃለን። «አንተ ልጅ፥ መጽሐፉን የጻፈው ሰው ከአንተ የበለጠ ያውቃል፤ ተቀመጥ!» አልነው። ክፍሉ ሣቀ፤ ልጁም ተቀመጠ። እስከ ዓመቱ ፍጻሜም ድረስ በእኛ ሰዓት እጁን ሲያወጣ አላየነውም።

ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፥ ሁለተኛው ሰው ብዙ የሚለው ነገር እንደ ነበረው አነበብን። የጓዱ አባሎች ከፓሪስ ሳይነሡ በፊት ለመሪያቸው ሊታዘዙ በቃል መሐላ፥ እስከ አምስት ዓመትም ድረስ ስለ ጕዞው ምንም ነገር ላያሳትሙ በፊርማ ታስረው ነበር። ላሽናል ጊዜው ሲያልቅ ማስታወሻውን ለማሳተም ሲዘጋጅ፥ በኅዳር ወር 1955 በበረዶ ሸርተቴ ሲወርድ ከስንጥቅ ገብቶ ሞተ። ማስታወሻው በ1956 ታተመ፤ ያዘጋጀው ግን የኤርዞግ ወንድም ዤራር ኤርዞግ ነበር፤ ታሪኩን የሚያጠይሙት ቃሎችም ተቈርጠው ወጡ። ሳይቈረጥ የታተመው ከአርባ ዓመት በኋላ፥ በ1996 ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የሬቡፋ የሕይወት ታሪክም፥ ያ ዝምተኛ ሰው ስለ ጕዞው ምን ያህል ምሬት በልቡ ይዞ እንደ ኖረ ገለጸ።

ላሽናል የሚለው በአጭሩ ይህ ነው። በዚያ ቀን እግሩ እየቀዘቀዘ መሄዱን ዐውቆአል፤ እግር ደግሞ ለመንገድ መሪ እንጀራው ነው። ብቻውን ቢሆን ኖሮ በተመለሰ ነበር። ወደ ላይ የቀጠለው ስለ አገር ክብር ብሎ ሳይሆን፥ ኤርዞግ ብቻውን ከሄደ እንደማይመለስ ስለ ታየው፥ በአንድ ገመድ የታሰረ ሰው ጓደኛውን ትቶ ስለማይሄድ ነው። የወንድማማችነቱም ነገር፥ መጽሐፉ እንደሚለው እንከን የሌለበት አልነበረም።

ይህ ከታወቀ ወዲህ የመጽሐፉ አንባቢዎች ተከፋፍለዋል። የጫፉ ፎቶግራፍ የተራራውን የመጨረሻ ነጥብ ስለማያሳይ፥ እስከ ጫፉ መድረሳቸውን እንኳ የሚጠራጠሩ አሉ፤ እኛ ይህን ለመቀበል የሚያበቃ ማስረጃ አላየንም። ሌሎች መጽሐፉን አታላይ ብለው ከመደርደሪያቸው አውርደውታል። በዚህ ጉዳይ ከአንዲት ባልደረባችን መምህርት ጋር ብዙ ተከራክረናል። እርሳቸው፥ «ልጅ ጀግና ያስፈልገዋል፤ ጀግናውን ነሥታችሁ በምትኩ ምን ልትሰጡት ነው?» ይላሉ። ከላይ የጠቀስናቸው ባለ ሥልጣን ወዳጃችን ደግሞ ነገሩን ስናጫውታቸው ሣቁና፥ የማንኛውም መሥሪያ ቤት ሪፖርት የሚጻፈው በአለቃው እንደ ሆነ፥ በዚህም የሚደነቅ ነገር እንደሌለ ነገሩን። በእውነቱ ኤርዞግ ራሱ ከ1958 እስከ 1966 ድረስ በፈረንሳይ መንግሥት የወጣቶችና የስፖርት ጉዳይ ኀላፊ ሆኖ ሠርቶአል፤ ከዚያም የሻሞኒ ከንቲባ ነበረ፤ በ2012 ዐረፈ።

እኛ ግን ወደ መጽሐፉ ተመልሰን እንደ ገና አነበብነው፤ ያገኘነውም አሳፈረን። ላሽናል ከጫፉ በታች ቆሞ፥ «እኔ ብመለስ አንተ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ መጠየቁ፥ ኤርዞግም ብቻዬን እሄዳለሁ ማለቱ፥ ያን ጊዜ ላሽናል እከተልሃለሁ ብሎ መነሣቱ በዚያው በኤርዞግ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎአል! ማንም አልቈረጠውም። ይህን ገጽ እኛው ራሳችን ለተማሪዎቻችን አንብበንላቸው ነበር። በጫፉም ላይ አንዱ በደስታ ሲፈዝ ሌላው «እንውረድ» እያለ መጐትጐቱ ተጽፎአል። እኛ የአንዱን ደስታ ስንሰማ የሌላውን ፍርሃት እንደ ደካማነት ቈጥረን አልፈነዋል። ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ልጅ ግን ከእኛ አንደበት የሰማውን ከእኛ ይልቅ አስተውሎታል።

አሁን መለስ ብለን ስናየው፥ በመጽሐፉ ውስጥ ቃላቸው ያልተሰማ ሌሎችም አሉ። የሸርፓዎቹ አለቃ አንግ ታርኬ አብሮ ወደ ጫፉ እንዲወጣ ተጠይቆ፥ እግሩ መቀዝቀዝ እንደ ጀመረ ተናግሮ በትሕትና እምቢ አለ። ይህም ስማቸው ከተነሣው ከሁለቱ ይልቅ ብልህ የነበረው እርሱ እንደ ሆነ ያሳያል፤ ጣቶቹንም ይዞ ተመለሰ። በ1954 እርሱም የሕይወቱን ታሪክ ተናግሮ በፈረንሳይኛ ታትሞለታል፤ ያነበበው ሰው ግን ጥቂት ነው። ቴሬ ደግሞ በ1961 ላሳተመው መጽሐፍ «የከንቱ ነገር ድል አድራጊዎች» የሚል ስም ሰጠው፤ ወዳጃችን ስለ መደርደሪያችን የሚሉትን እርሱ ራሱ አስቀድሞ ብሎታል።

እንግዲህ አስተያየታችንን ተጠይቀን ከሆነ፥ «አናፑርና»ን ከመደርደሪያችን አላወረድነውም። ጣት የሌለው ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ ያን ሁሉ ሲናገር፥ ያየውን እንዳየው ተናግሮአል ብለን እናምናለን፤ የሌላውን አፍ መዝጋቱ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይህን ይቅር ለማለት የምንችለው እኛ አይደለንም። የላሽናልን መጽሐፍ አስመጥተን ከጎኑ አቁመነዋል።

ያን ተማሪያችንን ባለፈው ዓመት በአንድ ለቅሶ ቤት አገኘነው። ጠጕሩ ሸብቶአል፤ የራሱም ልጆች ከትምህርት ቤት ወጥተዋል። ከሰው ለይተን ወደ ጥግ ወሰድነውና ነገሩን ሁሉ፥ መሐላውን፥ የተቈረጠውን ማስታወሻ፥ እርሱ ትክክል እንደ ነበረ፥ እኛም በክፍል ፊት እንደ በደልነው ነገርነው። በትዕግሥት ሰማንና፥ «መምህር፥ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጥያቄውን አላስታውሰውም» አለን። ጥቂት ዝም ካለ በኋላም፥ «ተቀመጥ መባሌን ግን አስታውሳለሁ» አለ።

ከዚያም የሁለተኛውን ሰው መጽሐፍ እንድናውሰው ለመነን። መጽሐፉ በፈረንሳይኛ ነው፤ እርሱም ፈረንሳይኛ አያውቅም። ስለዚህ ቋንቋውን የሚያስተምር አንድ ባልንጀራችን እየረዳን፥ በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ወደ አማርኛ እየመለስንለት ነው፤ የጨረስነውን በደብተር ጽፈን እንልክለታለን። የእኛ ፈረንሳይኛ ከዋናችን የማይሻል ስለ ሆነ ሥራው ይዘገያል፤ እስካሁን የደረስነው ከዐሥራ አንደኛው ገጽ ነው።