አብሽር፣ ልጄ

ሚያዝያ 2008 ነበር። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ላይ ብትቀመጥም በዚያ ሰሞን ወበቁ አላስተኛ ብሎን ነበር። ከደዴሳ ሸለቆ የወጣ ሚኒባስ መናኸሪያ ሲደርስ ተሳፋሪው ሁሉ የተቀቀለ ይመስላል። የጓሯችን ጉድጓድ ውሃው ሸሽቶ በገመዱ ላይ ገመድ ቀጥለናል።

ማታ ማታ ዜናው ኤልኒኞ ነው፤ 10.2 ሚሊዮን ሰው እርዳታ ይፈልጋል ይባላል። እውነቱን ልናገር፤ ስለ አፋርና ስለ ሲቲ ዞን ስንሰማ የሌላ አገር ወሬ ነበር የሚመስለን። ወለጋ ዝናብ ይዘገያል እንጂ አይቀርም ተብለን ነው ያደግነው። እርጥቡ አየር ከደቡብ ምዕራብ ነውና የሚመጣው፣ ቀድሞ የሚገባውም ዘግይቶ የሚወጣውም በእኛ በኩል ነው። ይሄ ሰውን ያዘናጋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ንፋሱ መጀመሪያ አቧራውን፣ ቀጥሎ የጎረቤት ልብስ ከነገመዱ፣ ከዚያ የወፍጮ ቤቱን ቆርቆሮ አነሳ። በረዶው ባቄላ ያክላል። ጣሪያው ላይ ሲወርድ እየተጯጯህን እንኳ አንደማመጥም። እናቴ ባልዲ፣ ጀሪካን፣ የዶሮ ወጥ ድስቷን ሳይቀር አሸንዳው ሥር ደረደረች። እኔ የማለቅሰው ለአቮካዶው ነው፤ ለጋ ፍሬው መሬት ላይ ተነጥፏል።

ጋብ ሲል ጎረቤታችን እማማ ደጃፋቸው ላይ ቆመው አንዲት በረዶ መዳፋቸው ላይ እስክትሟሟ ያያሉ። ወሎዬ ናቸው። በ1977ቱ ድርቅ ሰፈራ ተብሎ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ከተጓዘው 600 ሺህ ገደማ ሰው አንዷ ናቸው፤ መጀመሪያ የወረዱት ቄለም ነው።

«እማማ፣ አቮካዶው አለቀ እኮ!» አልኳቸው።

«አብሽር፣ ልጄ» አሉኝ። «እኛ አገር እንደዚሁ ይጠቁር ይጠቁርና ተበትኖ ነበር የሚሄደው።»

ምን እንደምመልስ ጠፋኝ። ለኔ ጥቁር ደመና ማለት ዝናብ ነው፤ አለቀ። ጠቁሮ የሚዋሽ ሰማይ አላውቅም።

ከዐሥር ቀን በኋላ ለጉዳይ ጊምቢ ሄድኩ። የቡና እምቡጥ ደረቁን ወራት ዝም ብሎ ተኝቶ ይጠብቅና አንድ ደህና ዝናብ ሲያገኝ በሳምንት በዐሥር ቀኑ ባንዴ ይፈካል። መንገዱ ግራና ቀኙ ነጭ ነበር፤ መኪናው ውስጥ ድረስ ይሸታል። አንዲት ቅርንጫፍ ሰብሬ ይዤላቸው መጣሁ።

ተቆጡኝ። «ይሄ ሁሉ ፍሬ ነበር እኮ!» አሉና ብርጭቆ ፍለጋ ወደ ጓዳ ገቡ።