ሕፃኑ ስንት ኪሎ ነው?

በእኛ ዘመዶች ዘንድ ሕፃን ሲወለድ ቶሎ የሚጠየቀው ኪሎው ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ደስታው ይበልጣል። እናቴም ታላቅ ወንድሜን ጎንደር ስትወልድ 4 ኪሎ ተኩል እንደነበረ እስከ ዛሬ በኩራት ትናገራለች።

እኔ የምኖረው አትላንታ አጠገብ፣ አቮንዴል እስቴትስ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ በ26ኛው ሳምንት 50 ግራም ግሉኮስ ያለበት መጠጥ ጠጣሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደሜ ተመረመረ። ሌላ ቀን ደግሞ ረዘም ያለ ምርመራ ተደረገልኝ። የእርግዝና ስኳር በሽታ እንዳለብኝ ታወቀ።

እናቴ ደነገጠች። «አንቺ ጣፋጭ አትወጂ፤ ከየት መጣብሽ?» አለችኝ።

ምክንያቱ ያለው እንግዴ ልጁ ላይ ነው። እኔ የማውቀው «ፕላሴንታ» የሚለውን ስም ነበር፤ የአማርኛውን ስም የነገረችኝ እናቴ ናት። እንግዴ ልጅ ለፅንሱ ምግብና ኦክስጅን ያሳልፋል። የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች ግን የእናትየው ኢንሱሊን በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋሉ። ሰውነቷ በቂ ተጨማሪ ኢንሱሊን ካላመረተ ስኳሩ በደሟ ውስጥ ይበዛል።

ይህ ስኳር በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል። ፅንሱም የራሱን ኢንሱሊን አብዝቶ ያመነጫል፤ ስብ ያከማቻል፤ ይገዝፋል። እንግዴ ልጁም ብዙ ጊዜ ከወትሮው ይከብዳል። ይህን ማብራሪያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያቀረበው የዴንማርኩ ሐኪም ዮርገን ፔደርሰን ነው። በሌላ በኩል፣ የስኳር በሽታው ቆይቶ የእናትየውን የደም ሥሮች ከጎዳ፣ ፅንሱ በቂ ምግብ ሳያገኝ ትንሽ ሆኖ ሊወለድ ይችላል።

በጣም ትልቅ ሕፃን ሲወለድ ትከሻው ሊያዝ ይችላል። እትብቱ ሲቆረጥ ደግሞ ከእናት የሚመጣው ስኳር ወዲያው ይቆማል፤ የሕፃኑ ኢንሱሊን ግን ቶሎ አይቀንስም። ስለዚህ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ በኋላ ሳህኔ ላይ እንጀራውን ቀንሳ ጎመኑን አበዛች። ማታ ማታ አብረን በአቮንዴል ሐይቅ ዙሪያ እንራመድ ነበር። ልጄ 3 ኪሎ ከ400 ግራም ሆና ተወለደች። ነርሶቹ ተረከዟን እየወጉ ስኳሯን ለኩ፤ ደህና ነበር።

የእርግዝና ስኳር ከወሊድ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። ሆኖም ወደፊት በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድልን ስለሚጨምር፣ ከወሊድ በኋላ ከ4 እስከ 12 ባሉት ሳምንታት እንደገና መመርመር ያስፈልጋል። እኔ ለዚህ ምርመራ ስሄድ እናቴ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ወንድምሽን ስወልድ ማንም አልመረመረኝም» አለች። «ዛሬ እኔም እመረመራለሁ።»

የእኔ ውጤት ጥሩ ነበር። የእሷ ትንሽ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ በየዓመቱ እንድትመረመር ነገራት። አሁን ሐይቁ ዙሪያ ሦስት ሆነን እንሄዳለን፤ ጋሪውን የምትገፋው እሷ ናት።