ሰበታ፦ መሪው ማን ነው?

ቅዳሜን ከልጆችዎ ጋር ከአዲስ አበባ ወጣ ብለው ማሳለፍ ካሰቡ አማራጭ አያጡም። ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጅማ መንገድ ሰበታ አሉ። ዛሬ ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። እኔ የምመርጥልዎ ሰበታን ነው። ከመሀል አዲስ አበባ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ አየር ጤናንና ዓለም ገናን አልፈው፣ ወጨጫን በስተቀኝ እያዩ ይደርሳሉ።

ብዙዎቻችን ሰበታን የምናውቃት በሜታ አቦ ቢራ ነው። የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝና ስም ቶሎ ይስበኛል፤ በሰበታ የሳበኝ ግን «መርሐ ዕውራን» የሚለው ነው። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተቋቋመ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ከግዕዝ ሲመለስ «የዕውራን መሪ» ማለት ነው።

ስሙ የማቴዎስ ወንጌል 15፥14ን ያስታውሳል፤ ዕውር ዕውርን ሲመራ ሁለቱም ስለሚወድቁበት ጉድጓድ የሚናገረውን ምሳሌ። በ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የአንትወርፑ ኮርኔሊስ ማሲስ ምሳሌውን በመዳብ ሰሌዳ ላይ ቀርጾ በወረቀት አተመው፤ በትር የያዙ ዓይነ ስውራን ተያይዘው ሲወድቁ ያሳያል። ፒተር ብሩጌል ደግሞ በ1568 እ.ኤ.አ. ስድስት ሰዎች አድርጎ ሳለው፤ ሥዕሉ ዛሬ በጣሊያን ኔፕልስ ይገኛል።

ወንጌሉ የወቀሰው ዓይናቸው የማያይ ሰዎችን አልነበረም፤ እናውቃለን እያሉ ሕዝብ የሚያስቱ መምህራንን ነበር። ሥዕሉን ሲያዩ ግን በልብ የሚቀረው የወደቀው ዓይነ ስውር ነው። ልጆቻችንን «ዕውር ነህ እንዴ?» ብለን ስንቆጣም የምናስተምራቸው ይህንኑ ነው።

ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። በልጅነቱ ዓይኑን ያጣው ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል በ1824 እ.ኤ.አ.፣ በ15 ዓመቱ፣ በስድስት ነጥቦች የሚጻፈውን ጽሕፈት ፈጠረ። ዓይነ ስውር ዓይነ ስውራንን መራ፤ ጉድጓድ የገባ የለም። የእኛ ፊደል ከ200 በላይ ሆሄያት ስላሉት ለስድስት ነጥብ ይበዛል፤ ስለዚህ በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ይጻፋሉ። «ታ» መጀመሪያ «ት»፣ ቀጥሎ «አ» ይሆናል። ልጅዎ በመንገድ ላይ ስሙን እንዲህ እየከፋፈለ ይሞክረው።

ትምህርት ቤቱን መጎብኘት ከፈለጉ አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ የልጆች መኖሪያ ነውና። ሲገናኙ ስምዎን ተናግረው ሰላምታ ይስጡ። መንገድ ማሳየት ካስፈለገ እጅ አይጎትቱ፤ ክንድዎን ያቅርቡና እነሱ ይያዙ። ሲለያዩም መሄድዎን ይንገሯቸው።