ዳልቻ ያለ ፈቃዷ ጾመች

ቤታችሁ ድመት ካለች አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ በጾም ወራት ምን ትበላለች? እኔ ዳልቻ እስክትታመምብኝ ድረስ ይህን ጥያቄ ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው፤ የምሠራው ደግሞ ቡሬ፣ በማርኬቲንግ ባለሙያነት። ዳልቻን ያመጣናት ከእናቴ ቤት፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው። የተወለደችው በበቆሎ ጎተራ ሥር ነው፤ በአመድማ ቀለሟም ስሟን ያወጣችላት እናቴ ናት። የስድስት ዓመት ልጄ ካየቻት ቀን ጀምሮ ከእቅፏ አልለየቻትም።

ከዚያ ዓቢይ ጾም ገባ። 55 ቀን ሙሉ ሥጋ፣ ወተትም ሆነ እንቁላል ቤታችን አይገባም። ዳልቻም ከእኛ ጋር እንጀራ በሽሮ ስትበላ ሰነበተች። ገጠር ብትሆን አይጥ ታድን ነበር፤ የእኛ ቤት ግን ወለሉ ሴራሚክ፣ ግቢው ሲሚንቶ ነው። ደብረ ዘይት ሲደርስ ፀጉሯ ደብዝዞ፣ የጀርባዋ አጥንት በእጅ ይቆጠር ጀመር። ልጄ በየማታው «እማዬ፣ ዳልቻ ለምንድን ነው የማትጫወተው?» ትለኛለች።

እኔም ብዙዎቻችን የምናደርገውን አደረግሁ፤ ገዛሁ። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ የሥራ ባልደረባዬን አስቸግሬ እንደ ጥርስ ሳሙና የሚጨመቅ የድመት ቫይታሚን አስመጣሁ። ማሸጊያው ላይ ፀጉሯ የሚያብረቀርቅ ነጭ ድመት አለች፤ ከሥሯ «የፀጉርን ውበት ይደግፋል» የሚል ተጽፏል። ሳነበው ሳቄ መጣ። እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ነው የምውለው! «ያድናል» ካልን ማስረጃ እንጠየቃለን፤ «ይደግፋል» ስንል ግን ምንም ቃል አልገባንም። ቱቦውን ሳልከፍተው አደርኩ።

በማግስቱ ዳልቻን በቅርጫት ይዤ ወደ እንስሳት ሐኪም ሄድኩ። በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ቱቦውን ከቦርሳዬ ሳላወጣ «ምን ትበላለች?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ታዲያ እሷም ጾመኛ ናት?» ብለው ፈገግ አሉ።

ያስረዱኝን ላካፍላችሁ። ድመት ሥጋ የምትበላው ስለሚጣፍጣት ብቻ አይደለም፤ ሰውነቷ ያለ ሥጋ መኖር አይችልም። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። የእኛ ሰውነት ራሱ ይሠራዋል፤ የድመት ሰውነት ግን የሚበቃትን ያህል መሥራት አይችልም። የሚገኘው በሥጋና በዓሣ፣ በተለይም በልብ ሥጋ ውስጥ ነው። ሲጎድል ዓይኗና ልቧ ይጎዳሉ። እኛ ከካሮት የምናገኘውን ቫይታሚን ኤም ድመት ከካሮት ማግኘት አትችልም፤ እንደ ጉበት ካለ የእንስሳት ምግብ ነው የምታገኘው። በሽሮው ውስጥ ያለው ቀይና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል። ያበላኋት መስሎኝ እጎዳት ነበር ማለት ነው።

ታዲያ የምግብ ማሟያ አይጠቅምም? ይጠቅማል፤ የጎደለው ከታወቀ። በ1987 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ፖል ፒዮንና ባልደረቦቹ በፋብሪካ ምግብ ያደጉ ድመቶች ልብ የሚደክመው በታውሪን እጥረት መሆኑን አሳዩ። ታውሪን ሲሰጣቸው ብዙዎቹ አገገሙ። ከዚያ ወዲህ አምራቾች በምግቡ ውስጥ የሚጨምሩትን የታውሪን መጠን ከፍ አደረጉ። ስለዚህ የታሸገ ምግብ ስትገዙ ከፎቶው ይልቅ ትንሿን ጽሑፍ አንብቡ። «ኮምፕሊት» የሚለው ብቻውን የሚበቃ ምግብ ነው፤ ጤነኛ ድመት በላዩ ላይ ቫይታሚን አያስፈልጋትም። «ኮምፕሊመንተሪ» የሚለው ግን ተጨማሪ እንጂ ዋና ምግብ አይደለም። የሰው ቫይታሚንና መድኃኒት ደግሞ በፍጹም አትስጧት፤ አንዲት የፓራሲታሞል ክኒን ድመት ልትገድል ትችላለች።

ሐኪሙ ለሆድ ትል መድኃኒት ሰጧትና ሥጋ ቤት እስኪከፈት በደንብ የበሰለ፣ አጥንቱ የወጣለት ዓሣና የተቀቀለ እንቁላል እንድሰጣት አዘዙኝ። ምክሩ ቀላል ነበር፤ ለእኔ ግን ከበደኝ። በጾም፣ በጾም ድስት እንዴት አድርጌ?

ቅዳሜ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። የዳልቻ እናት ጎተራው ሥር ተኝታለች፤ ፀጉሯ ቅቤ የተቀባ ይመስላል። አፍሬ ነገሩን ሳጫውታት እናቴ ሳቀች። «ጾሙ የታዘዘው ለእኛ ነው፤ እሷን ማን አዘዛት? የእኔዋ ሥጋዋን ራሷ ታመጣለች። አንቺ ቤት ከየት ታምጣ? ድስቷን ለብቻ አድርጊላትና አብያት» አለችኝ። ለገበያ ካስቀመጠችው እንቁላል ላይም ስምንቱን በጭድ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

እናቴ ያለችውን ሐኪሙም ይስማሙበታል። አይጥ ሥጋ ብቻ አይደለችም፤ ልብና ጉበቷ፣ አጥንቷም አብረው ይበላሉ። እኛ ቀይ ሥጋ ብቻ ከሰጠን ካልሲየም ይጎድላታል። ማሟያ የሚያስፈልገው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው፤ መጠኑንም የሚወስነው ሐኪም እንጂ ማሸጊያው ላይ ያለችው ድመት አይደለችም። ጉበትም ቢሆን ሲበዛ ይጎዳል።

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» እንላለን፤ ስንተርታት ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ተረቱን ስሰማ ዳልቻ ትታወሰኛለች። አመል አይደለም፤ ተፈጥሮዋ ነው።

ፋሲካ አልፎ ወር ሳይሞላ ፀጉሯ ተመለሰ፤ መጋረጃችንም መቧጨር ጀመረ። አሁን ለቅበላ ሥጋ ስንገዛ የበሬ ልብም እንጨምራለን። ቀቅዬ፣ ከመረቁ ጋር በትንንሽ ከረጢት ከፍዬ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ ታውሪን ወደ መረቁም ስለሚወጣ መረቁን አልደፋም። ከረጢቶቹ ላይ ልጄ በተጣመመ ፊደሏ «የዳልቻ» ብላ ትጽፋለች። ከጻፍኳቸው የማስታወቂያ ጽሑፎች ሁሉ እንደዚህች ቃል እውነተኛ የሆነ የለም።