ለታጣፊዋ ብስክሌት የሚስማማ ማርሽ

ጥቅምት 6 ቀን 2017
አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም ለምንኖር ሰዎች ታጣፊ ብስክሌት ትልቅ እረፍት ናት። ታጥፋ ደረጃ ትወጣለች፤ ዝናብ ከመጣም አብራን ሚኒባስ ትሳፈራለች። የከበደኝ ማርሿ ነው። ፊት 52 ጥርስ፣ ኋላ ከ14 እስከ 28። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ስወጣ በቀላሉ ማርሽ እንኳ ከኮርቻ ተነስቼ መርገጥ ግድ ይለኛል። መሪዋ ረጅም ቱቦ ላይ ስለተተከለ ደግሞ ቆመው ሲረግጧት ትወላገዳለች።

ጥቅምት 9
ማታ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ባለ 20 ኢንቹ ጎማ አንዴ ሲዞር 1.5 ሜትር ገደማ ይሄዳል። 52 ለ28 ሲካፈል 1.86 ይመጣል፤ ስለዚህ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ብስክሌቷ 2.8 ሜትር ትጓዛለች። በደቂቃ 60 ዙር ለመርገጥ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር መሄድ አለብኝ ማለት ነው። አየሩ በሳሳበት፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ባለ ከተማ፣ ዳገት ላይ ይህ ለብርቱ ወጣት ነው። ፍጥነቱ ሲወርድ ዙሩም ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ሸክሙን የሚችለው ጉልበት ብቻ ነው።

የፊቱ 44 ቢሆን 2.4 ሜትር ይሆናል። ለንደን ውስጥ የሚሠራው ታጣፊ ብስክሌት ብሮምፕተንም በ50 ፋንታ 44 ተደርጎለት ይገዛል፤ ሁሉም ማርሽ በ12 በመቶ ይቀልላል።

ጥቅምት 15
ብስክሌት ሠሪው ዘንድ ሄድኩ። የኋላውን ትልቁን ጥርስ 34 እናድርገው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ብስክሌቷን ገልብጠው ሰንሰለቱን የሚወጥረውን ክንድ በጣታቸው ነኩ። «ልጄ፣ የኋላው ጥርስ ከተለቀ ይኼም መርዘም አለበት። ጎማሽ ትንሽ ነው፤ አሁንም መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ድንጋይ ያገኘዋል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የፊቱ ግን በአምስት ቡሎን የታሰረ ስለሆነ ተፈትቶ ይቀየራል፤ በሪቬት የተመታ ቢሆን ኖሮ ፔዳል ያዡ ክንድ አብሮ መለወጥ ነበረበት። 44ቱን አሰሩ፣ ከሰንሰለቱም አራት መጋጠሚያ ቆርጠው አወጡ። ይህ ባይቆረጥ ሰንሰለቱ ረግቦ በትንሹ ጥርስ ላይ ይንጠለጠል ነበር።

ጥቅምት 24
ቸርችልን ተቀምጬ ወጣሁ፤ ቀስ ብዬ፣ ግን እኩል እየረገጥኩ። በከባዱ ማርሽ በደቂቃ 80 ዙር ስረግጥ በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ያህል እደርሳለሁ። ከዚያ በላይ ቁልቁለቱ ራሱ ይወስደኛል፤ እጄም ፍሬን ላይ ነው። ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለው የእንጦጦ አቀበት ግን ለዚህም አይቀመስም፤ እዚያ ታጥፋ መኪና ትግባ።

ጥቅምት 27
የአክስቴ ልጅ ከባሕር ዳር ደወለች። እንደ እኔው ያለች ብስክሌት ልትገዛ ነው፤ እሷም 44 ታስደርግ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከተማው ሜዳ ነው፤ እዚያ 44 እግርን በከንቱ ያስሮጣል። 52ቱን እንዳትነኪው አልኳት፤ ይልቅ ማጠፊያው ሲዘጋ የማይነቃነቅ መሆኑን ሳታይ እንዳትከፍይ።