ስለ ቡችላና ስለ ልጅ የልደት ቀን

ልጅን ደስ ማሰኘት ለወላጅ ቀላል ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን ደስታውን ያለ ጉዳት ማሰናዳት ብዙ ማሰብን ይጠይቃል። ይህም በአዲስ አበባ በሚኖር በአንድ አባት ቤት ከሆነው ነገር ይታወቃል።

ሴት ልጁ ስድስተኛ ዓመቷን ልትደፍን ሁለት ሳምንት ሲቀራት፣ የልደቷ በዓል የቡችሎች በዓል እንዲሆንላት ለመነች። በካናዳ ተሠርቶ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 መታየት የጀመረውን፣ ቡችሎች እሳት ሲያጠፉና የተቸገረ ሲረዱ የሚያሳየውን «ፖ ፓትሮል» የተባለውን የሥዕል ፊልም አብዝታ ትወድ ነበርና። ጎረቤታቸው የሆኑ ወይዘሮም ይህን በሰሙ ጊዜ፣ በበዓሉ ቀን ሰባት ሳምንት የሚሞላውን የውሻቸውን ቡችላ በስጦታ አመጣለሁ አሉ።

አባትየው ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። በልጅነቱ በመንገድ ላይ ውሻ ነክሶት፣ ዕለት ዕለት ሆዱን በመርፌ ሲወጋ መሰንበቱን አልረሳም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮም ውሻ ባለበት ደጅ አያልፍም ነበር። ስለዚህ «የቡችላ ነገር በዚህ ቤት አይነሣ» ብሎ ተቆጣ፤ ልጂቱም አልቅሳ ራቷን ሳትበላ ተኛች።

በዚያች ሌሊት ሚስቱ «ጥንቃቄህን ለልጅህ አውርሳት፤ ፍርሃትህን ግን ለራስህ አስቀረው» አለችው። ይህም ቃል እንቅልፍ ነሣው። በማግሥቱ ወደ እንስሳት ሐኪም ሄዶ ጠየቀ። ሐኪሙም፣ የእብድ ውሻ በሽታ ከሚገድላቸው ሰዎች ከመቶው 99ኙ በሽታው ከውሻ የተላለፈባቸው እንደ ሆኑ፣ ሆኖም በክትባት እንደሚከለከል፣ ቡችላም ይህን ክትባት የሚከተበው ሦስት ወር ገደማ ሲሞላው እንደ ሆነ አስረዳው። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ሐኪም ሊገሠግሥ እንደሚገባውም አሳሰበው። ደግሞም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1885 ሉዊ ፓስተር በፓሪስ፣ በእብድ ውሻ የተነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጆሴፍ ማይስተርን 13 ጊዜ ወግቶ ከሞት እንዳተረፈው ተረከለት። አባትየውም ያ የልጅነቱ መርፌ ቅጣት ሳይሆን ምሕረት እንደ ነበረ ያን ጊዜ አስተዋለ።

ከዚህ በኋላ ባልና ሚስቱ ወረቀትና እርሳስ ይዘው ተቀመጡ። የልደቱ ቀን ዓርብ ላይ ስለ ዋለ፣ ስለ ጾሙ ወደ ቅዳሜ አሳለፉት። ለሃያ ልጆች የካርቶን ጆሮ ተቆረጠ፤ ብስኩቱም በአጥንት ቅርጽ ተጋገረ። በትልቅ ወረቀት ላይ ጅራት የሌለው ውሻ ተሥሎ፣ ልጆቹ ዐይናቸው ተሸፍኖ ጅራቱን እንዲለጥፉለት ታሰበ። አባትየው ግን ሌላ ጨዋታ ጨመረ፤ ይኸውም «ውሻ መጣ!» በተባለ ጊዜ ሁሉም ሳይሮጡና ሳይጮኹ፣ እጃቸውን ሰብስበው፣ ዐይናቸውንም ወደ እግራቸው ጥለው እንደ ዛፍ እንዲቆሙ ነው። የማያውቁት ውሻ ሲቀርብ የሚበጀው ይህ ነውና።

ስለ ቡችላው ግን ልጂቱን አስጠርቶ፣ «ልጄ፣ ሃያ ልጅ እየተቀባበለ ቢይዘው ይፈራል፤ የፈራም ይነክሳል። ለአንቺ የሚጣፍጥሽ ቸኮላትና ዘቢብም ለእርሱ መርዝ ነው። ስለዚህ ለድግሱ አይመጣም፤ ከተከተበ በኋላ ይመጣልሻል» አላት። ልጂቱም ጥቂት አስባ፣ «ታዲያ እስከዚያ እናቱ ጋ ይሁን፤ ሌሊት እንዳያለቅስ» አለች።

ቅዳሜ ዕለት ስድስቱ ሻማዎች በርተው ጠፉ፤ በግቢውም ጆሮአቸው የተንጠለጠለ ሃያ ዛፎች ሳቃቸውን አፍነው ቆሙ። ከስድስት ሳምንት በኋላም ቡችላው ተከትቦ መጣ። አባትየው በደጃፉ ላይ እጁን ሰብስቦ ቀጥ ብሎ ቆመ። ልጂቱም አይታው፣ «አባዬ፣ ዛፍ መሆኑ ይበቃሃል፤ ይኸን እኮ እናውቀዋለን» አለችው። እርሱም እየተንቀጠቀጠ እጁን ዘረጋ፤ ቡችላውም አሽትቶ ላሰው።

ሻማ በአንድ እስትንፋስ ይጠፋል፤ የሚወደውን ፍጥረት መጠበቅ የተማረ ልጅ ግን ስጦታው ዕድሜውን ሁሉ አብሮት ይኖራል።