በሰሌዳው መስመር ላይ ያልነበረው ሰው

ዘጠነኛ ክፍል አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ነው የተማርኩት። ከክፍላችን መስኮት ቁልቁል ሲታይ በግራ ቀላ ያለው የአባያ ሐይቅ፣ በቀኝ ሰማያዊው የጫሞ ሐይቅ፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ። የታሪክ መምህራችን አንድ ቀን ቾክ አንስተው ከሰሌዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ረጅም መስመር አሰመሩ። መስመሩ ላይ የግብፅን ፒራሚድ፣ ሐሙራቢን፣ አቴናን፣ ሮምን በየተራ አስቀመጡ። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፤ እሳቸው በአማርኛ ያብራራሉ፤ እኛ ከኋላ ዴስክ ሆነን በጋሞኛ እንንሾካሾካለን።

አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ ሲሆን የእኛ ሰዎች የት ነበሩ?»

መምህሩ ቾኩን እንደያዙ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «መጽሐፉ አይልም» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ አይልም ነበር። ኖታችንን ገልብጠን ወጣን። ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ዓመታት ኖረ። ያ ዝምታ ሳላውቀው አንድ ነገር አስተምሮኝ ነበር፦ ታሪክ ሌላ ቦታ የሚሠራ፣ እኛ ዘንድ ግን ለፈተና የሚሸመደድ ነገር ነው ብዬ አመንኩ።

መልሱ የመጣው በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ አንድ የምርምር ጽሑፍ ሲታተም ነው። በጋሞ ደጋ፣ ሞታ በሚባል ዋሻ ውስጥ ከድንጋይ ክምር ሥር የተቀበረ ሰው አፅም ተገኝቶ ነበር። ቁፋሮውን እንደ ፈረንጆቹ በ2012 ያካሄዱት ጆን አርተርና ካትሪን አርተር ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ነው። ስሙንም ባይራ አሉት፤ በጋሞኛ በኩር ማለት ነው። ሙቀት ዘረ መልን ቶሎ ያበላሻል፤ የዋሻው ቅዝቃዜ ግን የእሱን ጠብቆት ቆየ። ከጆሮው ውስጠኛ አጥንት የተወሰደው ናሙና ሙሉ ዘረ መሉ ከተነበበለት ጥንታዊ አፍሪካዊ የመጀመሪያው አደረገው። በኩር የሚለው ስም እንዴት ገጠመ!

ዕድሜው ደግሞ 4,500 ዓመት ገደማ ነው። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ያ የሰሌዳ መስመር ትዝ አለኝ። ታላቁ የጊዛ ፒራሚድ የተሠራውም በዚያው ዘመን አካባቢ ነው። ግብፅ ውስጥ ድንጋይ ሲከመር ባይራ እዚህ እኛ ደጋ ላይ ይኖር ነበር። መምህራችን ፒራሚዱን ያስቀመጡበት ቦታ፣ ልክ ከሥሩ፣ የእሱ ቦታ ነበር።

ይበልጥ ልቤን የሚነካው ግን ሌላ ነው። ተመራማሪዎቹን ወደ ዋሻዎቹ የመሯቸው የአካባቢው ሰዎች ናቸው፤ ዋሻዎቹ በጦርነት ጊዜ መሸሸጊያ እንደነበሩ ያውቁ ነበር። እኛ የእነዚያ ሰዎች ልጆች ክፍል ውስጥ ተቀምጠን «የት ነበርን?» እንል ነበር። ቤታችን ሄደን አያቶቻችንን እንድንጠይቅ የቤት ሥራ የሰጠን አልነበረም።

አቴናንም እንዲሁ ነው የተማርነው። ሕዝቡ አደባባይ ተሰብስቦ ስለሚወስንባት ከተማ ሸመደድን፤ ወደ ጨንቻና ዶርዜ በሚወጣው ተራራ ላይ ግን አባቶቻችን ዱቡሻ በሚባለው የሸንጎ አደባባይ ተቀምጠው፣ በየተራ ተናግረው፣ እስኪግባቡ ይመክሩ ነበር። ይህን የምለው ለመኩራራት ብቻ አይደለም። አቴና ሴቶችንና ባሮችን ከጉባኤዋ አስቀርታለች፤ እኛም ሸክላ ሠሪውንና ቆዳ ፋቂውን ለረጅም ዘመን ከዱቡሻው አርቀናል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ተማሪ ሌላውንም ራሱንም በእኩል ዓይን ማየት ይማራል። መስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ውስጥ በጋሞዎች ላይ በተፈጸመው ግድያ የተቆጣ ወጣት አርባ ምንጭ ውስጥ ለበቀል ሲወጣ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ፊቱ ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። ያ ከዱቡሻ የተወረሰ ትምህርት ነው። የዓለም ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ቢገባ የሚያንስ ነገር አይደለም።

ባይራ አንድ ሌላ ትምህርትም ሰጥቶኛል። ተመራማሪዎቹ በመጀመሪያው ጽሑፋቸው ከዩራሲያ የተመለሱ ሰዎች ዘር በመላው አፍሪካ ተሰራጭቷል ብለው ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ በትንተናው ሂደት ስህተት እንደተፈጠረ ራሳቸው በይፋ ተናግረው አረሙት። ታሪክ ማወቅ ማለት ይህም ነው፤ ማስረጃው እስካለበት መሄድ፣ ሲሳሳቱም መመለስ።

ባለፈው ክረምት የወንድሜ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ልትገባ ስትዘጋጅ ደብተሯ ላይ ያንን መስመር አሰመርኩላት። ከላይ ፒራሚዱን ጻፍኩ፤ ከሥሩ «ባይራ፣ ሞታ ዋሻ፣ ጋሞ»። እሷም የቤቱ በኩር ናትና ስሙን ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ ደብተሯን ይዛ ወደ አያቷ ሄደች፤ «እማማ፣ አንቺ የምታውቂው ዋሻ አለ?»

እናቴ ከምትፈትለው ጥጥ ቀና አለች። «ቁጭ በይ» አለቻት። እስኪመሽ አወሩ።